ልጁን ማን ይውሰደው? ስለ ቼክ-ኢን ሲስተም ለጠየቅሽው

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «እሁድ እሁድ ወደ 120 ልጆች ይመጡልናል፣ እስካሁን የምንመዘግበው በደብተር ነው። ባለፈው ወር አንድ የ4 ዓመት ልጅ አጎቱ መጥቶ ወሰደው፣ እናቱ ምንም አልነገረችንም ነበር፣ ደግነቱ ክፉ ነገር አልተፈጠረም ግን 20 ደቂቃ ሙሉ ልባችን ወልቆ ነበር። አሁን መሪዎቹ ታብሌትና ስቲከር የሚያትም ሲስተም እንግዛ እያሉ ነው፣ ግማሹ አገልጋይ ደግሞ ሁሉም በሚተዋወቅበት ቤት ይሄ ምን ያደርጋል ይላል። እውነት ይጠቅማል? ከምንስ ልጀምር?»

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ልጁ በሰላም ተገኘ። እኔ እነዚህን ሲስተሞች ለቤተ ክርስቲያኖች እየገጠምኩ ዓመታት አልፈውኛል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የትንንሾቹ ክፍል በር ላይ ቆሜ አገልግያለሁ፣ ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ጣጣ አውቀዋለሁ። አጭሩ መልስ አዎ ይጠቅማል ነው፣ ግን መሪዎቻችሁ ይጠቅማል ብለው ያሰቡበት ቦታ ላይ አይደለም። ያን ቀን ሲስተሙ ቢኖራችሁም እንኳ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ «ኧረ አጎቱ እኮ ነው አውቀዋለሁ» ብላ ብትሰጠው ኖሮ ያው ይሄድ ነበር፣ ልዩነቱ ጀርባው ላይ ቆንጆ ስቲከር ለጥፎ መሄዱ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ወላጅ ሲመጣ ታብሌቱ ላይ ስልክ ቁጥሩን ያስገባል፣ የቤተሰቡ ስም ይመጣል፣ ዛሬ የመጡትን ልጆች ይመርጣል፣ ከፕሪንተሩ ሁለት ዓይነት ስቲከር ይወጣል። የልጁ ላይ ስሙ፣ ክፍሉ፣ አለርጂ ካለበት አለርጂው እና ኮድ አለ። የወላጁ ላይ ኮዱ ብቻ ነው ያለው። ኮዱ በየሳምንቱ ይቀየራል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ወላጁ ወረቀቱን ያሳያል፣ አገልጋይዋ ከልጁ ጀርባ ላይ ካለው ጋር ታመሳክራለች፣ ከገጠመ ልጁ ይሄዳል፣ ካልገጠመ አይሄድም። በቃ ይሄው ነው። ደብተራችሁ ልጁ መምጣቱን ይነግራችኋል ግን ማን ሊወስደው እንደሚችል አይነግራችሁም፣ ጠቅላላ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው ያለው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄን ያለ ምንም ታብሌት ልትጀምሩት ትችላላችሁ። አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ የታተመበት የሚቀደድ ትኬት አለ፣ ግማሹን ልጁ ልብስ ላይ ግማሹን ለወላጁ። አንድ ወር በዚህ ሞክሩት፣ አገልጋዮቹ ወረቀት ያልያዘ ሰው መመለስ ከቻሉ ሲስተሙን ግዙ፣ ካልቻሉ ግን ገንዘባችሁን ያዙና መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ይሄን ስል ሥራ የሚቀንስብኝ እኔ ነኝ፣ ግን ብዙ ቦታ ውድ ፕሪንተር ተገዝቶ በስድስተኛው ሳምንት አቧራ ሲጠጣ ስላየሁ ነው።

«ሁሉም የሚተዋወቅበት ቤት ነው» የሚለውን ነገር ግን ቁጭ ብለን ማየት አለብን፣ ምክንያቱም በየሄድኩበት የሚነሳው እሱ ነው፣ የሚሉትም ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ እንደውም ልጆቹን በጣም የሚወዱት ናቸው። ሰው ልጅ ይሰርቃል ሲባል የሚታየን ከመንገድ የመጣ የማናውቀው ሰው ነው። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው ግን ልጆች ላይ ከሚደርሰው ወሲባዊ ጥቃት 90 በመቶ ገደማ የሚፈጸመው ልጁ ወይም ቤተሰቡ በሚያውቀውና በሚያምነው ሰው ነው። ስለዚህ «አውቀዋለሁ» ማለት አደጋው የለም ማለት አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ በላይ በየሳምንቱ የሚያጋጥመው ነው፦ የተለያዩ ባልና ሚስት። አባትየው ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ልጁን ሲወስድ ኖሯል፣ ሁሉም ሰላም ይለዋል፣ ማክሰኞ ዕለት ፍርድ ቤት ለብቻው ልጁን እንዳይወስድ አዘዘ፣ እሁድ ሲመጣ በሩ ላይ ያለችው ልጅ የምታውቀው ያለፈውን ሳምንት አባት ነው። ያንን ልታውቅ የምትችለው እናትየው አስመዝግባ ከሆነና እሷ ደግሞ ኮድ ሳትጠይቅ የማትሰጥ ከሆነ ነው።

ለዚህ ነው ደንቡ ለሁሉም እኩል መሆን ያለበት፣ ፓስተሩንም ጨምሮ፣ እንደውም ከፓስተሩ ጀምሮ። አንድ ቦታ ሲስተሙን ባስጀመርንበት የመጀመሪያ እሁድ ያለ ወረቀት የመጣው የቤቱ ዋና መሪ ራሱ ነበር፣ በሩ ላይ የነበረችው ገና 19 ዓመቷ ነው፣ ፊቷ ቀላ ግን «ይቅርታ ወረቀቱን ካላየሁ አልችልም» አለችው። ሳቅ ብሎ ተመልሶ ሄዶ ከሚስቱ ቦርሳ አምጥቶ ሰጣት። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት የተከራከረ ሰው የለም። ሌላ ቦታ ደግሞ ለአንድ ሽማግሌ «ለእርስዎማ ምን ያስፈልጋል» ተብሎ ታለፈ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ወረቀቶቹ ወለል ላይ ነበሩ። ስለዚህ መሪዎቹ ግዢውን ከመፈረማቸው በፊት አንድ ነገር ቃል አስገቢያቸው፦ አገልጋይ ልጅ ከልክላ ወላጅ ቢቆጣ ወገናቸው ለማን ነው? እዚያው ሰው ፊት ለእሷ የማይቆሙላት ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ማንንም አትከለክልም፣ እኔም ብሆን አልከለክልም።

ኮዱ ላይ ጥቂት ልበል። ሰው አንዳንድ ጊዜ ስቲከሩ ላይ ያለውን ኮድ አይቶ «3 ፊደል ብቻ? ይገመታል እኮ» ይለኛል። ባለ 4 አሃዝ ቁጥር 10,000 ዓይነት ይሆናል፣ 3 የእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ 17,576፣ በዚያ ላይ በየሳምንቱ ይለወጣል፣ ለ120 ልጅ ከበቂ በላይ ነው። ማንም ሰው ተቀምጦ አይገምትም። የሚደረገው ምንድን ነው፣ ልጁ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቦ በቃል መናገር። ስለዚህ በቃል የተነገረ ኮድ አትቀበሉ፣ ወረቀቱ በእጅ ይታይ። ወላጅ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ለአያት ቢልክስ? ይሄን አስቀድማችሁ ወስኑና ጻፉት፣ እኔ የምመክረው ፎቶ አይቻልም፣ አያት የሚመጡ ከሆነ ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ይግባ ነው። ስቲከሩን ደግሞ ጀርባ ላይ ለጥፉት፣ ደረት ላይ ከሆነ ትንንሾቹ ይልጡትና አፋቸው ውስጥ ይከቱታል (አንዱን ከሕፃን አፍ በጣቴ አውጥቻለሁ)። ስቲከሩ ላይ የአባት ስምና አድራሻ ምናምን አያስፈልግም፣ ከስም የልጁ የራሱ ስም ብቻ ይበቃል።

ወረቀት የጠፋበት ሰው በየሳምንቱ ይኖራል፣ እውነተኛው ፈተና እሱ ነው። ብዙ ቦታ የሚደረገው ሰውዬው ወደ ታብሌቱ ተመልሶ ራሱ ሁለተኛ ማተም ነው፣ ያ ማለት ስልክ ቁጥሩን የሚያውቅ ማንም ሰው ወረቀት ማውጣት ይችላል ማለት ነው፣ በሩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ እንደመተው ነው። ድጋሚ ማተም አገልጋይ ካለበት ጠረጴዛ ብቻ ይሁን። እዚያ መታወቂያ ያሳያል፣ ስሙ ልጁን እንዲወስዱ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ጋር ይመሳከራል፣ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ለእናት ወይ ለአባት ይደወላል፣ የሚደወለውም ፋይሉ ላይ ባለው ቁጥር ነው እንጂ ሰውዬው ደውሎ ባቀበላችሁ ስልክ አይደለም። ከዚያ ሁለት አገልጋዮች ይፈርማሉ። 5 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሰው ይነጫነጫል፣ ይነጫነጭ። የእናንተ አጎት በዚህ መንገድ ቢሄድ ኖሮ ለእናቱ ተደውሎ «አዎ እኔ ነኝ የላክሁት» ብላ 20 ደቂቃ ልባችሁ አይወልቅም ነበር። ታላቅ ወንድምና እህትም እንዲሁ ነው፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ መውሰድ እንደሚችሉ ቁርጥ ያለ ዕድሜ አስቀምጡ፣ በሩ ላይ በፊታቸው አይወሰን።

ልጁን እንዳይወስድ የተከለከለ ሰው ካለ ማስታወሻው ሲስተሙ ውስጥ ይግባ፣ ግን አስተባባሪዎቹ ብቻ የሚያዩት ይሁን። አንድ ቦታ የቤተሰቡ የፍርድ ቤት ጉዳይ ልጁ ስቲከር ላይ ታትሞ አይቻለሁ፣ ሁሉም ወላጅ እያነበበው ልጁ ሲሯሯጥ። አለርጂ ይታተም ምክንያቱም ሕይወት ነው፣ ሌላው የጤናም ሆነ የቤተሰብ ጉዳይ እዚያ ምንም ሥራ የለውም። እናንተ ደግሞ ዳኛ አይደላችሁም፣ «አባቱ መጥፎ ሰው ነው አትስጡት» በሚል ወሬ ብቻ ወላጅን መከልከል ራሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ የትዕዛዙ ቅጂ ይምጣና ፋይል ይደረግ፣ ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ አንድ ጊዜ ጠበቃ አማክሩና አሠራራችሁን በጽሑፍ ያዙ።

አሁን ሲስተሙ ስለማይሠራው ነገር። ልጅን የሚጎዳው ሰው በሩ ውስጥ ከሆነ ኮድ ምንም አያደርግም፣ እሱ ልጁን ይዞ መውጣት አያስፈልገውም። የአውስትራሊያው ሮያል ኮሚሽን (መንግሥት ያቋቋመው የምርመራ አካል) ከ2013 እስከ 2017 ተቋማት ውስጥ ልጆች ላይ የደረሰውን ጥቃት ሲመረምር ቆይቶ ያወጣቸው 10 የልጆች ደኅንነት መመዘኛዎች አሉ፣ አብያተ ክርስቲያናትም የምርመራው ትልቅ ክፍል ነበሩ፣ የመጀመሪያው መመዘኛ የልጆች ደኅንነት በአመራሩና በባህሉ ውስጥ ይሥረጽ የሚል ነው። አጥብቀሽ መያዝ ያለብሽ ከሲስተሙ ውጪ ያሉትን ነው፦ ዘመድ ያልሆኑ ሁለት አዋቂዎች ሳይኖሩ ክፍል አይከፈት፣ በሩ መስኮት ይኑረው፣ ሽንት ቤት ማን እንዴት እንደሚወስድ ይታወቅ፣ አገልጋይ ከመግባቱ በፊት ያለፈው ታሪኩ ይጣራ። ባልና ሚስት ብቻቸውን ሲሆኑ እንደ ሁለት ሰው አይቆጠሩም፣ ይሄን ስል ሰው ይከፋዋል ግን ያው ነው። ሲስተሙ እዚህ ላይ የሚያግዘው አንድ ነገር አለ፣ አገልጋዮቹም ራሳቸው ቼክ-ኢን ያድርጉ፣ እና በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት እዚህ ክፍል ውስጥ እነማን ነበሩ የሚለው መዝገብ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ አንድ ልጅ አድጎ ቢናገር ያ መዝገብ ለልጁም፣ ያለ ጥፋቱ ለሚጠረጠር ሰውም ይናገራል።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ሶፍትዌር ላይ ብዙ አልልም፣ ፕላኒንግ ሴንተር አለ፣ ኪድቼክ አለ፣ ሮክ አርኤምኤስ የሚባል ኮዱ ክፍት የሆነም አለ፣ እሱ ግን ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ከሌላችሁ አትንኩት። ስትመርጪ ማሳያው ላይ ስለሚያብረቀርቀው አትጨነቂ፣ ይልቅ ሻጩን እነዚህን ጠይቂ፦ ኢንተርኔት ቢጠፋ ይሠራል ወይ፣ ልጁ መግባቱን ብቻ ነው ወይስ መውጣቱንም በሰዓት ይመዘግባል፣ ማን ወሰደው የሚለው ይቀመጣል ወይ፣ ወላጅን በኤስኤምኤስ መጥራት ይቻላል ወይ፣ እናትና ልጅ የመጨረሻ ስማቸው ባይመሳሰል አንድ ቤተሰብ አድርጎ ይይዛቸዋል ወይ። የመጨረሻውን ሰው አይጠይቅም፣ በኋላ ግን ግማሹ ልጅ ሁለት ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አለርጂው በአንደኛው ላይ ብቻ ተጽፎ ይገኛል።

ፕሪንተሩ ቀለም የማይፈልግ በሙቀት የሚያትም ነው፣ የብራዘር ኪውኤል ዓይነቱን ብዙ ቦታ ታገኙታላችሁ። ዳይሞ የምትገዙ ከሆነ 550 የሚባለው ሞዴል የራሱን የስቲከር ጥቅል ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ጥቅሉ ውስጥ ቺፕ አለ፣ ሌላ ርካሽ ብትከቱበት እምቢ ይላል፣ ይሄን ሳያውቁ ካርቶን ሙሉ ገዝተው የተበሳጩ አሉ። የሙቀት ወረቀት ፀሐይና ሙቀት አይወድም፣ መኪና ውስጥ ወይ መስኮት ስር አታስቀምጡት። ፕሪንተሩን ደግሞ ከተቻለ በኬብል አገናኙት፣ እሁድ ጠዋት አዳራሹ ሙሉ ሰው ስልኩን ከዋይፋይ ጋር ሲያገናኝ መጀመሪያ የሚጠፋው የእናንተ ፕሪንተር ነው።

ስንት ታብሌት? እናስላው። 120 ልጅ በአማካይ ከአንድ ቤት ሁለት ሁለት ናቸው ብንል 60 ቤተሰብ ነው፣ የለመደ ወላጅ ግማሽ ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ያ 30 ደቂቃ ሥራ ነው፣ ሰዉ ደግሞ በመጨረሻው 15 ደቂቃ ነው ተግተልትሎ የሚመጣው፣ ስለዚህ ሁለት ጣቢያ ለጥ ብሎ ይሞላል። ሦስተኛ ጨምሩና እሱን ሰው የተቀመጠበት ለአዲስ እንግዳ ብቻ አድርጉት፣ አዲስ ቤተሰብ 3፣ 4 ደቂቃ ስለሚፈጅ መደበኛው ሰልፍ ውስጥ ከገባ ሁሉንም ያቆማል። ሰልፍ ከረዘመ አገልጋይ «ግቡ ግቡ በኋላ እንመዘግባለን» ይላል፣ ያኔ አለቀ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ታብሌቱ ራሱ የሚያወጣው ወሬ ነው። ወላጅ ራሱ የሚነካው ታብሌት በስም ወይም በስልኩ የመጨረሻ 4 ቁጥሮች የሚፈልግ ከሆነ ማንም የሚያልፍ ሰው ነካክቶ የሰው ልጆች ስም፣ አንዳንዴ ፎቶም ጭምር ያያል። ሙሉ ስልክ ቁጥር ካልገባ እንዳያሳይ አድርገሽ አስተካክዪው፣ በስም መፈለግ አገልጋይ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ይሁን። ታብሌቱም ከዚያ አፕ እንዳይወጣ ይቆለፍ፣ አይፓድ ላይ ጋይድድ አክሰስ የሚባለው፣ አንድሮይድ ላይ አፕ ፒኒንግ (ወይም ስክሪን ፒኒንግ) የሚባለው አለ። እያንዳንዱ አገልጋይ የራሱ መግቢያ ይኑረው፣ አንድ ፓስወርድ ለሁሉም ተሰጥቶ ግድግዳ ላይ የተለጠፈበት ቦታ አይቻለሁ፣ ከአገልግሎት የወጣ ሰው መግቢያው በዚያው ሳምንት ይዘጋ። የልጆቹን ዝርዝር በኤክሴል አውጥቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጣል ደግሞ በፍጹም። አውሮፓ ውስጥ ያላችሁ ከሆነ ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ጂዲፒአር የሚባለው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የሃይማኖት እምነትን የሚገልጥ መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልገው ክፍል ውስጥ ነው የሚያስገባው፣ ልጅ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱ የተመዘገበበት ዝርዝር ደግሞ በአንድ ጊዜ የልጅም የእምነትም መረጃ ነው። ሌላ ቦታም ብትሆኑ በዚያው ልክ ያዙት። የማያስፈልጋችሁን አትጠይቁ፣ ቤተሰቡ ከሄደ ፎቶውንና የጤና መረጃውን አጥፉ። ማን የት ክፍል ነበር የሚለውን መዝገብ ግን አትደምስሱ፣ ለስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ያንን ጠበቃ ጠይቁት።

እሳት ወይም ሌላ ድንገተኛ ነገር ቢፈጠር ደግሞ ታብሌት ይዞ የሚሮጥ የለም። ፕሮግራሙ ከተጀመረ 15 ደቂቃ በኋላ የየክፍሉ ዝርዝር በወረቀት ይታተምና በሩ ላይ ይሰቀል፣ ደጅ ተወጥቶ የሚቆጠረው በሱ ነው። መብራት ሲጠፋም ያድናችኋል። የትኬቱን ጥቅልም አትጣሉት፣ ሲስተሙ እምቢ ባለ ቀን በሱ ትሠራላችሁ፣ «ዛሬ ሲስተም የለም» ተብሎ በነፃ መልቀቅ እንዳይመጣ።

ከምን ልጀምር ላልሽው፣ ከትንንሾቹ ክፍል ጀምሪ፣ 3 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉት፣ «ይሄ ሰውዬ አጎቴ አይደለም» ማለት የማይችሉት እነሱ ናቸው። ወላጆችን ቀድመሽ በሳምንቱ ውስጥ መዝግቢ፣ እሁድ ጠዋት በር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎርም መሙላት አይሆንም። ሦስት አራት ሳምንት በነሱ ሩጡበትና ቀጥሎ ወደ ታላላቆቹ ውጡ። የሚቃወሙትን አገልጋዮች ደግሞ አትከራከሪያቸው፣ ከመሃላቸው ሁሉም የሚሰማትን አንዷን መርጠሽ በሩን ለሷ ስጫት፣ ከመጀመራችሁ በፊት ባለው ቅዳሜ አንድ የማታውቀው ሰው ወረቀት ሳይዝ መጥቶ «እናቱ ናት የላከችኝ» እያለ እንዲለማመጣት አድርጊ፣ ሰውዬው ጥሩ ተዋናይ ይሁን፣ ይቅለስለስ፣ ይቸኩል፣ በመጨረሻም ይቆጣ። እምቢ ማለት አፍ ላይ ይከብዳል፣ አንድ ሁለቴ ከተለማመዱት ነው እሁድ የሚወጣው።

አጎትየውንም እናትየው ዝርዝሩ ላይ ታስገባው።